«ምን አድርጌ ነው?» በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሚከሰት የጽንስ መጨንገፍ

በዚህ ጽሑፍ ላቀርብላችሁ የፈለግኩት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ጽንስ እንዲጨነግፍ የሚያደርጉ ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ ነው። ርዕሱ ለሚድዋይፈሪ ትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች አዲስ አይደለም፤ በኮርስ ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታልም። ነገር ግን ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ጥያቄው የሚመጣው በሌላ መልክ ነው። ጽንስ የጨነገፈባት ሴት «አጋላጭ ሁኔታዎቹን ዘርዝሪልኝ» አትልም። «ሲስተር፣ ምን አድርጌ ነው?» ነው የምትለው። አንዳንዷ ደግሞ መልሱን ራሷ ይዛው ትመጣለች፦ ጄሪካን ውሃ አንስቼ ነው፣ ከአማቴ ጋር ተጨቃጭቄ ነው፣ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው የጀመረኝ፣ ያማረኝን ሳልበላ ቀርቼ ነው። ባልና አማትም የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ «አርፈሽ ተቀመጪ ብንላት እምቢ ብላ ነው» የሚል ነው። በዚህ ምክንያት ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ አልፎም ትዳር ሲናጋ አይቻለሁ። ስለዚህ ትክክለኛውን መልስ ማወቃችን ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። በአማርኛ «አስወረዳት» እና «አስወረደች» የሚሉት ቃላት ለጆሮ በጣም ይቀራረባሉ። አንደኛው ሳትፈልግ የደረሰባት ነው፤ ሌላኛው ፈልጋ ያደረገችው ነው። ካርድ ላይ ደግሞ ሁለቱም «ውርጃ» ተብለው ይጻፋሉ። አንዲት እናት ካርዷን ልጇ ሲያነብላት «ውርጃ» የሚለውን ሰምታ «እኔ መች አስወረድኩ!» ብላ ስታለቅስ ያየሁት ስለሆነ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ «መጨንገፍ» የሚለውን ነው የምጠቀመው።

መጨንገፍ የሚባለው ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ሊኖር ከሚችልበት ዕድሜ በፊት እርግዝናው ሲቋረጥ ነው። ወሰኑ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ 20 ሳምንት፣ እንግሊዝ 24 ሳምንት ሲሉ፣ በእኛ አገር የሚሠራበት ግን 28 ሳምንት ነው። ልዩነቱ ጨቅላ ሕጻናትን ለማትረፍ ካለው የሕክምና አቅም ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ ወሰኑ የትም ላይ ይሁን፣ ከሚጨነግፉት ውስጥ 80 በመቶ የሚሆኑት የሚጨነግፉት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ነው። እኔም የምጽፈው ስለነዚህ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ሴቶች ይደርስባቸዋል? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ተከታታይ ጽሑፍ በዓለም ላይ በየዓመቱ 23 ሚሊዮን ገደማ እርግዝና እንደሚጨነግፍ፣ ይህም ከታወቁ እርግዝናዎች 15 በመቶ ያህሉ እንደሆነ ገልጿል። በሌላ አነጋገር ከሰባት እርግዝና አንዱ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ከታወቁ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። እ.ኤ.አ. በ1988 ዊልኮክስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ለማርገዝ የሚሞክሩ 221 ሴቶች በየቀኑ ሽንታቸውን እየሰጡ የእርግዝና ሆርሞን ተለክቶ ነበር። ከተፈጠሩት እርግዝናዎች ውስጥ 22 በመቶ የሚሆኑት ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ የጠፉ ናቸው። ከታወቁ በኋላ የጨነገፉት ሲደመሩ 31 በመቶ ደረሰ። «ወር አበባዬ ሦስት ቀን ዘግይቶ በዛ ብሎ መጣ» የምንለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉ ጽንሶች ቢያንስ ግማሽ ያህሉ የሚጨነግፉት በክሮሞዞም ቁጥር መዛባት ነው። እንደሚታወቀው የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞም አለው፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት። እንቁላሏ 23፣ የወንዱ ዘርም 23 ይዘው መገናኘት አለባቸው። ክፍፍሉ ላይ ስህተት ተፈጥሮ አንደኛው 24 ይዞ ከመጣ ጽንሱ 47 ይኖረዋል፤ 22 ከያዘ ደግሞ 45። በዚህ ዓይነት ስህተት ከሚፈጠሩት ብዙዎቹ ጥቂት ሳምንታት ካደጉ በኋላ ይቆማሉ። 16ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሲሆን በጨነገፉ ጽንሶች ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው፤ በሁሉም ሕዋሶቹ ውስጥ ይህ ያለበት ጽንስ ግን ተወልዶ አይታይም። 21ኛው ሦስት ከሆነ ግን ከፊሉ እስከ መወለድ ይደርሳል፤ ዳውን ሲንድሮም የምንለው ነው።

ለገበሬ ቤተሰብ ሳስረዳ የምጠቀመው በዘር ነው። የነቀዘ የበቆሎ ፍሬ መሬቱ ምንም ቢለማ፣ ዝናቡ ምንም ቢያምር አይበቅልም። ፍሬው ከጎተራ ሲወጣ ጀምሮ ያለቀለት ነው፤ ገበሬው በኋላ ስላረመ ወይም ስላላረመ የሚለወጥ ነገር የለም። አንድ አባት ይህን ሰምተው «እንግዲያ እኔም አለሁበታ!» ብለው ስቀዋል። አዎ፣ አሉበት። ግን እሳቸውም አላጠፉም፤ ስህተቱ የሚፈጠረው በእንቁላል ወይም በዘር ውስጥ ነው፣ ማንም ሳያውቀው፣ እርግዝናው ከመጀመሩ በፊት ወይም በጀመረበት ቀን። ሴትየዋ ጄሪካኑን ስታነሳ ጽንሱ ማደግ ካቆመ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት አልፎት ይሆናል። ደሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሰው ደግሞ ደም ሲያይ የሚያስበው የትናንቱን ሥራ ነው፤ ጥፋቱ የሚለጠፈውም እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ በ«መንስኤ» እና በ«አጋላጭ ሁኔታ» መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል። መንስኤ ማለት ጽንሱን ያቆመው ነገር ራሱ ነው። አጋላጭ ሁኔታ ግን መጨንገፍ የመድረስ ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው፤ ያለባት ሴት ሁሉ ይጨነግፍባታል ማለት አይደለም፣ የሌለባትም አይደርስባትም ማለት አይደለም። ተማሪም ብንሆን እነዚህን ሁለቱን ስንቀላቅል ነው ሳናውቀው ሴትየዋን የምንወቅሳት።

ከአጋላጭ ሁኔታዎች ሁሉ ትልቁ የእናት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኖርዌይ የወጣ ከ421 ሺህ በላይ እርግዝናዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ የመጨንገፍ ዕድሉ ዝቅተኛ የሆነው ከ25 እስከ 29 ዓመት ባሉት ላይ ሲሆን 10 በመቶ ነው። ከ30 በኋላ እየጨመረ ሄዶ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ላይ 53 በመቶ ይደርሳል። ዕድላቸው ከፍ የሚለው ትልልቆቹ ብቻ አይደሉም፤ ከ20 ዓመት በታች ያሉትም ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ባለበት አገር ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ዕድሜ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ሴት ልጅ ስትወለድ የዕድሜ ልክ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ገደማ። እያንዳንዱ እንቁላል ክሮሞዞሞቹን መከፋፈል ጀምሮ መሐል ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው ተራው ደርሶ ሊወጣ ሲል ነው። የ20 ዓመት ሴት እንቁላል 20 ዓመት፣ የ42 ዓመት ሴት እንቁላል 42 ዓመት እንደዚያው ቆሞ ጠብቋል። ክሮሞዞሞቹን አጣምረው የያዙት ፕሮቲኖች ከጊዜ ጋር ይደክማሉ፤ ክፍፍሉ ሲቀጥል አንዱ ያለ ቦታው ይሄዳል። እንግዲህ በገጠር 43 ዓመት ሆኗት ዘጠነኛዋን ያረገዘች እናት ስምንቱን በሰላም ወልዳለችና ይኼኛው ለምን እንደጨነገፈ አይገባትም፤ ያው ማህፀን፣ ያው ቤት ነው። ማህፀኗ ያው ነው፤ እንቁላሏ ግን ያው አይደለም። የአባት ዕድሜም ከ40 በላይ ሲሆን ዕድሉን በመጠኑ ይጨምራል፤ የወንድ ዘር ግን በየጊዜው አዲስ ስለሚመረት ልዩነቱ እንደ ሴቷ አይደለም።

ሁለተኛው ቀደም ሲል የጨነገፈ እርግዝና መኖሩ ነው። በዚያው የኖርዌይ ጥናት ከአንድ መጨንገፍ በኋላ የመድገም ዕድሉ ወደ 1.5 እጥፍ፣ ከሁለት በኋላ ከ2 እጥፍ በላይ፣ ከሦስት በኋላ ደግሞ 4 እጥፍ ገደማ ሆኗል። አንድ ጊዜ የደረሰባት ሴት ግን የሚቀጥለው እርግዝናዋ በሰላም የመዝለቅ ዕድሉ አሁንም በጣም የበለጠ ነው። ይህን አሥር ጊዜ ብንነግራት አይበዛም።

ከዚህ ቀጥሎ በእኛ አገር ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ወባ ነው። የውጭ መጻሕፍት ስለ መጨንገፍ ሲጽፉ ወባን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ጋምቤላ ወይም መተማ የተመደበ አዋላጅ ግን እንዲያ ሊያልፈው አይችልም። በታይላንድና በምያንማር ድንበር ላይ የሚሠራ አንድ የወባ ምርምር ክፍል ከ1986 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ያሰባሰበውን የ17 ሺህ 613 ሴቶች መረጃ በ2012 አሳትሟል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድ ጊዜ ብቻ ወባ የያዛቸው ሴቶች፣ ምንም ስሜት ሳይኖራቸው በደም ምርመራ ብቻ የተገኘባቸው እንኳ፣ የመጨንገፍ ዕድላቸው ወባ ካልያዛቸው 2.7 እጥፍ ያህል ነበር። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያላቸው ላይ ወደ 4 እጥፍ ደረሰ። ደግሞ ይህ የፋልሲፓረም ብቻ አይደለም፤ «ቀላሉ ወባ» የምንለው ቫይቫክስም ያንኑ አድርጓል። በአገራችን ሁለቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙ ሲታሰብ፣ ስንቷ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ታማ እንዳለፈች መገመት ይቻላል።

በዚህ ላይ አንድ ተስፋ ሰጪ ነገር አለ። ቀድሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኳርተም የምንለው መድኃኒት ይፈራ ስለነበር ኪኒን ነበር የሚሰጠው፤ እሱም ጆሮ እያጮኸ፣ እያስመለሰ፣ ሰባት ቀን ሙሉ። ብዙዎች መሐል ላይ ይተዉታል። ከላይ የጠቀስኩት ጥናትና ተከታዮቹ ግን መጨንገፍን የሚያስከትለው በሽታው እንጂ መድኃኒቱ እንዳልሆነ አሳዩ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ፕሪማኩዊን ግን አሁንም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። «አርግዤ ይሆናል ብዬ መድኃኒት ፈርቼ ተኛሁ» የምትል ሴት ስትገጥመን፣ የሚያስፈራው ሳይታከሙ መተኛቱ መሆኑን ልንነግራት ይገባል። አጎበሩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፤ ሆድ እስኪገፋ አይጠበቅም።

ከሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ብሩሴሎሲስን ላንሳ፤ ከብትን የሚያስወርድ ተህዋሲ ነው፣ ወደ ሰው የሚገባው በአብዛኛው ባልፈላ ወተት ነው፣ በነፍሰ ጡርም ላይ መጨንገፍ ያስከትላል። በአርብቶ አደሩ አካባቢ የፍየልና የግመል ወተት ሳይፈላ ስለሚጠጣ አደጋው የቅርብ ነው። ከብቶቹ መጨንገፍ ካበዙና ሴቲቱም ትኩሳቷ የሚመላለስ ከሆነ ሁለቱን አያይዞ መጠየቅ ብልህነት ነው። ቂጥኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ከገፋ በኋላ ቢሆንም ምርመራው በመጀመሪያው ክትትል መደረግ አለበት። ጥሬ ሥጋ በቶክሶፕላዝማ ሊያስይዝ ስለሚችል ክትፎው ለዘጠኝ ወር ለብለብ ሳይሆን በደንብ ይብሰል፤ የጉራጌ ወዳጆቼ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከቆዩ በሽታዎች ስኳር ቀዳሚው ነው። ችግሩ ስኳር መኖሩ ሳይሆን እርግዝናው ሲጀመር አለመስተካከሉ ነው፤ ከማርገዟ በፊት በደንብ የተቆጣጠረች ሴት ዕድሏ ከሌላው ብዙም አይርቅም። የታይሮይድ ዕጢ መታወክም እንዲሁ። በአዮዲን እጥረት እንቅርት በሚበዛባቸው ደጋማ አካባቢዎች አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ለዚህም ነው የሚመከረው፤ ጨው ደግሞ ወጡ ሲወጣ መጨረሻ ላይ ቢጨመር አዮዲኑ አይባክንም። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የሚባል ደም በማይሆን ቦታ እንዲረጋ የሚያደርግ ሕመም ደግሞ በተደጋጋሚ ከሚጨነግፍባቸው ሴቶች ጥቂቶቹ ላይ ይገኛል። ብርቅ ቢሆንም የማነሳው ሊታከም ስለሚችል ነው፤ በአነስተኛ መጠን አስፕሪንና በሄፓሪን። የማህፀን አፈጣጠር ችግር፣ ለምሳሌ ማህፀንን ከመሐል የሚከፍል ግድግዳ፣ እንዲሁም ወደ ማህፀን ክፍተት የገባ ዕጢ ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ ቡና ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሳንፍራንሲስኮ አካባቢ 1,063 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት በቀን 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካፌይን የሚወስዱት የመጨንገፍ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘ። ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ኮርስ ላይ ስሰማው በጣም ያስደነቀኝ ነው። ደህና እያደገ ያለ ጽንስ ያላት ሴት ሆርሞኗ ከፍ ስለሚል ያቅለሸልሻታል፣ ያስመልሳታል፤ ቡና ሲቆላ ሽታው ራሱ ከቤት ያስወጣታል። ስለዚህ ቡና ትተዋለች። ጽንሱ ማደግ ያቆመባት ሴት ግን ማቅለሽለሹ ይቀንስላታል፤ ቡናዋን እንደ ልማዷ ትጠጣለች። ከሳምንት በኋላ ስትደማ አጥኚው መጥቶ «ቡና ትጠጪ ነበር?» ይላታል፤ «አዎ» ትላለች። ታዲያ ቡናው ነው ያስጨነገፋት ወይስ መጨንገፉ ነው ቡና ያስጠጣት? የ2008ቱን ጨምሮ አንዳንድ ጥናቶች ማቅለሽለሽን ለይተው ለማስላት ሞክረዋል፤ ሙሉ በሙሉ መለየት ግን ከባድ ነው። በነገራችን ላይ ማቅለሽለሽ ጥሩ ምልክት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አረጋግጧል። ቀደም ሲል የጨነገፈባቸው ሴቶች ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የሚያስመልሳቸው ሴቶች የማጣት ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለሚያስመልሳት እህታችሁ ንገሯት፤ ባያድናትም ያጽናናታል።

እኔ በበኩሌ የምመክረው የዓለም ጤና ድርጅት ያለውን ነው፤ በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ትቀንስ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየተጠራራን የምንጠጣ ሰዎች ነንና ሴትየዋን «ጭራሽ ተይ» ብንላት ከጎረቤት ነው የምናጣላት። አቦሉን አልፋ በረካው ላይ አንድ ስኒ ብትጠጣ ማንም አይቀየማትም፤ ጨዋታውም አያመልጣትም። ቡና ውስጥ የሚነከረውን ጤና አዳም ግን ብትተወው ይሻላል። ጤና አዳም፣ ኮሶና እንዶድ ማህፀንን የሚያነሳሱ፣ በብዛት ሲወሰዱ እናቲቱንም የሚመርዙ ዕፅዋት ናቸው፤ በተለይ ኮሶ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ይህን ባለመድኃኒቶቹም ያውቁታል። ከፋርማሲ ደግሞ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለራስ ምታት ብሎ መዋጥ ይቅር፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ፤ ሐኪሟ ጋር ሄዳ ካስፈለገ ይለወጥላታል።

ሲጋራና አልኮል የመጨንገፍ ዕድልን ይጨምራሉ፤ ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም አልኮል ነው። ጫት የተወለደውን ልጅ ክብደት እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ይህ ብቻውን ለመተው በቂ ነው። ከመጠን በላይ መወፈርና ከመጠን በላይ መክሳትም ሁለቱም አጋላጭ ናቸው። ፎሊክ አሲድ የነርቭ ቧንቧ ጉድለትን ስለሚከላከል ከማርገዝ በፊት ጀምሮ መውሰድ ግድ ነው፤ መጨንገፍን ይከላከላል ተብሎ ግን ባይወራ መልካም ነው።

ወደ ሥራ ስንመጣ፣ ለእኛ ለራሳችን የሚሆን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ከ22 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩ። ከ8ኛው ሳምንት በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ የሌሊት ተረኛ የሆኑት በቀጣዩ ሳምንት የመጨንገፍ ዕድላቸው 32 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የማታ ተረኝነት ሲወጣ ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባችን «እኔን አሳልፉኝ» ብትል እየተሞላቀቀች አይደለም። ከባድ ሸክምን በተመለከተ፣ በየቀኑ በተደጋጋሚ ብዙ ኪሎ መሸከም ዕድሉን በመጠኑ እንደሚጨምር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይህ ከወንዝ በእንስራ ለምትቀዳ ሴት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ሸክሙን ማቅለል ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ኃላፊነት ነው። አንድ ቀን አንድ ጄሪካን ማንሳት ግን ጤነኛ ጽንስን አያስጨነግፍም።

የማያስጨነግፉትንም መናገር አለብኝ። ኮረኮንች መንገድ ላይ በሚኒባስ መሄድ፣ ከባል ጋር መተኛት፣ እጅን ወደ ላይ አንስቶ ልብስ ማስጣት፣ ያማራትን አለማግኘት፣ የቡዳ ዓይን፣ ለቅሶ ቤት መግባት። የወሊድ መከላከያ ክኒን ወይም መርፌ ቀድሞ መጠቀምም እንዲሁ፤ ይኼኛው ሐሜት ብዙ ሴቶችን ካላቀዱት እርግዝና ጋር ስላገናኘ በተለይ አጥብቄ እለዋለሁ። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከባድ ጭንቀት ግን የተለየ ነው፤ ጥናቶች ከመጨንገፍ ጋር አያይዘውታል። በቤቷ የምትደበደብ ሴትም አለች። እሷ ዘንድ «ምን አድርጌ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስንሰማ በሩን ዘግተን፣ ባልየውን ውጭ አስቀምጠን መጠየቅ ነው ያለብን።

ስለ ሾተላይ ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ አይለቀኝም። በባህላችን ሾተላይ የሚባለው የሴቲቱን ልጆች እየተከተለ የሚያጠፋ መንፈስ ነው፤ ልጅ የማይበረክትላት ሴት ሁሉ «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። በሕክምናው ደግሞ ቃሉን ለአርኤች አለመጣጣም ሰጥተነዋል። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆኑ የእናቲቱ ሰውነት የጽንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋበት ሁኔታ ነው። ስያሜው ሰዉን ወደ ምርመራ በማምጣቱ ጠቅሟል። ጉዳቱ ግን አሁን ሦስት ጊዜ በሁለት ወሯ የጨነገፈባት ሁሉ «ሾተላይ ነው፣ መርፌው ይሰጠኝ» ማለቷ ነው። አርኤች አለመጣጣም በአብዛኛው የመጀመሪያውን ልጅ አይነካም፤ የሚጎዳው ተከታዮቹን፣ ያውም እርግዝናው ከገፋ በኋላ ነው። በ8ኛው ሳምንት ለሚጨነግፍ ጽንስ ሌላ ምክንያት ነው መፈለግ ያለበት። ፀረ ዲ የሚባለው መርፌ ለአርኤች ኔጌቲቭ እናት ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ሲጨነግፍም እንዲሁ። የደም ዓይነትን ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደም ያየች ነፍሰ ጡር ሁሉ ጨነገፈባት ማለት አይደለም። ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም ታያለች፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እርግዝናቸው ይቀጥላል። «እግርሽን ሰቅለሽ ተኚ» የሚለው ምክር መጨንገፍን እንደሚከላከል በጥናት አልተረጋገጠም፤ ለዕለት ሠራተኛዋ ደግሞ የቀን ገቢዋን ነው የሚያሳጣት። ፕሮጄስትሮን በእንግሊዝ አገር ከ4 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ለሁሉም የሚጠቅም ሆኖ አልተገኘም። ነገር ግን ቀደም ሲል ሦስትና ከዚያ በላይ የጨነገፈባቸውና አሁን ደም ያዩት ሴቶች ላይ፣ ከወሰዱት 72 በመቶ፣ ካልወሰዱት 57 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። ስለዚህ ታሪኳን በደንብ መጠየቅ ከማዘዣ ወረቀቱ ይቀድማል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መምጣት ያለባት ደግሞ በሰዓት ሁለት ሞዴስ እያራሰ ለሁለት ሰዓት የቀጠለባት፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት፣ በአንድ በኩል ሆዷን አጥብቆ የሚያማት፣ ትከሻዋን የሚወጋት ወይም ራሷን የምትስት ሴት ናት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ መሆኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ይህ ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው።

ከላይ ካነሳኋቸው ሊስተካከሉ የሚችሉት፣ ማለትም ወባው፣ ስኳሩ፣ ቂጥኙ፣ መድኃኒቱ፣ የሚታወቁት በጊዜ ስትመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ የሚዘገዩት «ገና ሳይታይ ማውራት ያስወርዳል» ተብለው ነው። ስለዚህ ጎረቤት ሳያውቅ፣ ለአንድ አዋላጅ ብቻ መንገር እንደሚቻል ንገሯቸው፤ ምስጢር መጠበቅ ሥራችን ነው።

ድጋሚ ስለ ማርገዝም ይጠይቁናል። ቀድሞ ስድስት ወር ጠብቂ ይባል ነበር፤ ከኖርዌይና ከስኮትላንድ የወጡ ጥናቶች ግን ከዚያ ቀድመው ያረገዙት ላይ የባሰ ነገር አላዩም። ደሟ ከቆመ፣ የደም ማነስ ካለባት ከታከመች፣ እሷና ባሏም ዝግጁ ከሆኑ መሞከር ትችላለች። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ የጨነገፈባት ከሆነ ግን ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ስፔሻሊስት ይላኩ፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይም የሁለቱም ስም ይጻፍ።